አክስቴና ያልተቆጠሩት እንግዶቿ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋበት ክፍል የምትተኛበትም ነው፤ በአንዱ ጥግ የስፌት መኪናዋ፣ በሌላው አልጋዋ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ሟቹ ባሏ የገዛው ትልቅ ቴሌቪዥን። እሱ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባት አንድ ዘዴ ዘየደች። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ሰው ስለሚጣሉበት ተከታታይ ድራማ ላገኘችው ጎረቤት ሁሉ ታወራ ጀመር። ወሬው ሲያጥራት ከራሷ ትጨምርበታለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ጎረቤቱ ማታ ማታ እሷ ዘንድ መሰብሰብ ለመደ።

መካኒኩ እጁን በወጉ ሳይታጠብ ይመጣል። ነርሷ ልጇን ታቅፋ ትመጣለች። ጡረተኛው አስተማሪ «እኔ ድራማ አላይም» እያለ በሩን ተደግፎ እስከ መጨረሻው ያያል።

አንድ ቀን ከተመልካች ጥናት ድርጅት የመጣች ልጅ ከቴሌቪዥኑ ሥር ትንሽ ሳጥን አስቀመጠች። ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ የአክስቴ፣ ሌላው የእንግዳ። እንግዳ በገባ ቁጥር ቁልፉን መጫንና ማንነቱን፣ ዕድሜውንና ሥራውን፣ መምረጥ ነው። ማስታወቂያ የሚያስነግሩ ድርጅቶች ማን እያየ እንደሆነ የሚያውቁት በዚያ ሲሆን፣ በኢንተርኔት ወደ ቴሌቪዥኗ የሚመጣላት ማስታወቂያም በዚያው ይመረጣል።

አክስቴ እሺ አለች፤ የእንግዳውን ቁልፍ ግን ንክች አላደረገችውም። ለምን ብላት ተቆጣች።

«ሰው ቤቴ ሲገባ እንደ በግ ልቆጥረው? ነውር አይደለም እንዴ?»

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያው ሁሉ የጉልበት ቅባት፣ የማንበቢያ መነጽር፣ ደግሞ እንደገና የጉልበት ቅባት ሆነ። መካኒኩ «እትዬ፣ ቴሌቪዥንዎ እኮ አርጅቷል» ይላታል። እሷን ግን ነገሩ ከነከናት። አክስቴን አንድ ነገር ከከነከናት ደግሞ እንቅልፍ የላትም። «ጉልበቴን ማን ነገራቸው?» ትለኛለች፣ እኔ የነገርኩባት ይመስል።

ይህን ስታብሰለስል ድራማው ተመልካች ስላነሰውና ማስታወቂያ ስላጣ ሊቆም ነው ተባለ። አክስቴ መርፌዋን አስቀመጠች። ልቀልድባት ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። ድራማው ከቀረ ማን ይመጣል? ሁሉም በየቤቱ ስልኩ ላይ ይደፋል፣ እሷም ከስፌት መኪናዋ ጋር ትቀራለች። የፈራችው ይህንን ነበር።

ልጅቷ ሳጥኑን ልታይ ስትመጣ አክስቴ በጥያቄ ያዘቻት።

«ልጄ፣ እነዚህ የማስታወቂያ ሰዎች እኔን ምን ብለው ነው የሚያውቁኝ?»

ልጅቷ ስልኳን ከፍታ አየች። «ብቻቸውን የሚያዩ ሴት ይላል፣ እማማ።»

«ብቻዬን?»

«የእንግዳውን ቁልፍ ተጭነውት አያውቁም እኮ።»

አክስቴ ለማታ የተደረደሩትን ወንበሮች አንድ በአንድ አየቻቸው። ያን ሁሉ ሰው ሰብስባ፣ ለእነዚያ ሰዎች ብቻዋን ነበረች።

ከዚያ ማታ ጀምሮ እንግዳው ራሱ ቁልፉን ይጫን ተባለ፤ ራሱን ከቆጠረ አክስቴ ቆጠረችው አይባልም። አስተማሪው እንኳ «አላይም» እያለ ተጫነ። ብዙም ሳይቆይ ዳይፐር መጣ፣ የመኪና ጎማም መጣ። ጎማውን ሲያይ መካኒኩ ብድግ ብሎ «የኔ ነው! የኔ ነው!» አለ። ድሮ ማስታወቂያ ሲጀምር ሽንት ቤት የሚሮጠው ሁሉ አሁን «ይሄስ የማን ይሆን?» እያለ ዓይኑን ተክሎ ይጠብቃል። እኔም የራሴን ለማወቅ እጓጓ ነበር፤ አልዋሽም። ማስታወቂያ አስነጋሪዎቹ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ድራማው በተባለው ቀን ቆመ።

በማግስቱ ማታ አክስቴ ወንበር አልደረደረችም። ቴሌቪዥኑንም ሳትከፍት፣ የማያስቸኩል የደንበኛ ቀሚስ አውጥታ ጠርዙን ትሰፋ ጀመር። እኔም ክር አቀብላታለሁ። በሩ ተንኳኳ። መካኒኩ ነው።

«ድራማው እኮ ቆሟል» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልታይ መጣህ?»

«ማስታወቂያ» አለና ራሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

አክስቴ ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ ሳቋን ሳትጨርስ ነርሷ ልጇን ታቅፋ ስትገባባት ደግሞ ጭራሽ ባሰባት። መሀረብ ስፈልግላት፣ በሰው ቀሚስ ጠረገችው።