ኩራዝ፦ መብራቱ በርቷል

መኪና መንዳት የተማርኩት ሰው ልጁን በሚድርበት ዕድሜ ነው። ሞጣ ውስጥ፣ በአንድ ማሠልጠኛ አግዳሚ ላይ፣ ገና ጢም ካላበቀሉ ልጆች ጋር ተደርድሬ። አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል በዘንግ እየነካ የዳሽቦርድ ምልክቶችን ያስጠናናል። ባትሪ አልን፣ የእጅ ፍሬን አልን፣ የሞተር ሙቀት አልን። ቀጥሎ ዘንጉን አፍንጫዋ ወደ ፊት በወጣች፣ ከጫፏ አንድ ጠብታ በተንጠለጠለባት ዕቃ ላይ አሳረፈና «ይህችስ?» ሲል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የሞተር ዘይት!» ብሎ ጮኸ።

«ቀይ ከበራች?»

«መቆም! ሞተር ማጥፋት!»

እኔ አፌን አልከፈትኩም። አሠልጣኙ የማላውቅ መስሎት ለእኔ ብቻ ደግሞ አስረዳኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚነገር። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ያቺን ዕቃ እዚያ ክፍል ውስጥ ካለው ሁሉ ቀድሜ አውቃታለሁ። አንድ ሰው እንጀራውን ያጣባት ናት፤ ያሳጣሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ቢቸና ነው፣ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ። ከኮሌጅ እንደወጣሁ እዚያ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደብኩ። ዲፕሎማዬ አዲስ፣ ጫማዬ አዲስ፣ አፌ ደግሞ ከሁለቱም የባሰ። በየመሀሉ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ካልወሸቅኩ የተናገርኩ አይመስለኝም ነበር። ሰዎቹ ዝም ብለው ያዳምጡኛል። ያከብሩኛል ብዬ አስብ ነበር፤ ለካስ ሲታገሡኝ ነው።

ሾፌራችን ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው፣ ኋላ ወታደር ቤት ገብተው ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ። ወታደርነቱ ለቋቸው ነበር፣ ቅኔው ግን ከአፋቸው አልወጣም። የቢሯችን ኃላፊ ጠዋት የወሰነውን ከሰዓት የሚያፈርስ ሰው ነበር። ታዲያ እሳቸው አንድ ቀን በግቢው መሀል፣ እሱ እየሰማ፣ የአሮጌዋን መኪና መሪ እያወዛወዙ «ይኸ መሪያችን እኮ ላልቷል፤ ወደ ግራ ስይዘው ወደ ቀኝ ይሄዳል» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊው ብቻ በቁም ነገር «ጋራዥ ይግባ» ብሎ ፈረመ።

ያቺ አሮጌ መኪና አርጅታ ስትቆም አዲስ ፒካፕ መጣልን። ሾፌራችን ጋቢና ገብተው ቁልፉን ሲከፍቱ ሰሌዳው በቀይና በቢጫ ተጥለቀለቀ። ጠጋ ብለው ተመለከቱት፤ ደስ አላላቸውም።

«የድሮዋ የዘይቷን ነገር በቀስት ነበር የምትነግረኝ» አሉ። «ቀስቷ ወረደች፣ ቆምኩ፣ አለቀ። ይህች ሥዕል ታሳየኛለች። ልሳለም ነው እንዴ የገባሁ?»

ግን ወዲያው ለየሥዕሉ ስም አወጡለት። ባትሪውን «ሳጥን»፣ የሙቀቱን ምልክት «ውኃ ላይ የቆመ ቁልፍ»፣ ቀበቶ ያሰረውን ሰውዬ «እስረኛው» አሉት። ያቺን ባለ ጠብታ ዕቃ ደግሞ «ኩራዝ»። እውነትም ኩራዝ ትመስል ነበር፤ ላምባ አጉርሰዋት ከአፏ የምታንጠባጥብ የቆርቆሮ ኩራዝ። ሁላችንም ቤት አንዳንድ ነበረችን፣ ስሙን ለማጽደቅ ማንም አልተቸገረም።

ከመኪናዋ ጋር ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መጥቶ ነበር። ኃላፊው ጠራኝና መጽሐፉን አንብቤ ለሾፌሩ በአማርኛ እንድጽፍላቸው አዘዘኝ። ደረቴን ነፋሁ። የመብራቱን ክፍል በሚገባ ሠራሁት፦ ከመሪው ሥር ያለውን ዘንግ አንዴ ሲያዞሩት ትንሹ መብራት፣ ሁለቴ ሲያዞሩት ትልቁ፣ ወደ ፊት ሲገፉት ረጅሙ፣ ወደ ታች ሲሉት የግራ ፍሬቻ። እስከዚያ ድረስ አላፍርበትም። የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ ክፍል ግን ረጅም ነበር፣ ቃላቱም የማላውቃቸው። መዝገበ ቃላት መግለጥ ሰለቸኝ። ከረንቦላ ቤት የሚጠብቁኝ ጓደኞች ነበሩኝ፣ ሰዓቱም ደርሶ ነበር። ስለዚህ ማንበቡን ትቼ ሥዕሎቹን ብቻ እያየሁ መጻፍ ጀመርኩ። ሳጥኑን ባትሪ አልኩት፣ ልክ ነበርኩ። ቁልፉን ሙቀት አልኩት፣ ልክ ነበርኩ። ኩራዟ ጋ ስደርስ ለማሰብ እንኳ አልቆምኩም። ኩራዝ መብራት አይደለም እንዴ? «ኩራዝ፦ መብራቱ በርቷል» ብዬ ጻፍኩ። በማስመሪያ አስምሬ፣ ሥዕሏንም በቀይ እስክሪብቶ ስዬ፣ ከመሪው አጠገብ በፕላስተር ለጠፍኩት። ኃላፊው በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ።

ሾፌራችን ወረቀቱን ለሳምንት ያህል ካጠኑት በኋላ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይህች ኩራዝ ነገሯ አልገባኝም። ቁልፍ ስከፍት ትበራለች፣ ሞተሩ ሲነሣ ትጠፋለች። መብራት አብርቼ ስሄድ ደግሞ አትበራም። አንተ መብራቱ በርቷል ነው ያልከኝ።»

«ጋሼ፣ መጽሐፉ ነው እንደዚያ የሚለው» አልኳቸው።

መጽሐፉ እንደዚያ አይልም። ምን እንደሚልም አላውቅም ነበር። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው «መጽሐፉ ካለ ይሁን» ብለው ወጡ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው መጽሐፍ አለ ሲሉት አይከራከርም፤ እኔም ያንን አውቄ ነው የተናገርኩት።

ክረምት ላይ፣ አንድ ማለዳ ወደ ሞጣ ተጓዝን፣ እኔና እሳቸው ብቻ። ሞጣ ላይ የየወረዳው ሰዎች በተሰበሰቡበት ሪፖርት ላቀርብ ነው። የመጀመሪያዬ ነበር። ሸሚዜን ተኩሼ፣ ወረቀቶቼን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ጉንደ ወይንን እንዳለፍን ጭጋጉ ከገደሉ ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። መብራት አበሩ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነው፤ ዝናቡ አጥቦት ድንጋዩ አግጥጧል። አንዱ ድንጋይ ከሥራችን «ጓ!» ብሎ መታን፣ እግሬ ሥር ያለው ብረት ሲነዝር ተሰማኝ።

«ልውረድና ከሥር ልያት» አሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጭቃ ላይ ሊተኙ ነው? ሰዓት የለንም፣ ከመድረኩ ልቀር ነው!»

ፊቴን አዩትና ነዱ። ብዙ ሳንሄድ ኩራዟ በራች። ቀይ ናት፣ ትንሽ፣ ቀጥ ብላ የምታይ።

«ኩራዟ በራች።»

«መብራት ስላበራን ነዋ! ወረቀቱ ላይ አለ።»

ጭጋጉ ገለጥ ሲል መብራቱን አጠፉ። ኩራዟ አልጠፋችም።

«አጥፍቼም አልጠፋች። ድምጿም ልክ አይደለም፣ ስማት እስቲ።»

ሰማሁ። የሆነ ነገር እንደ ዘነዘና ይወቅጣል። ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ አልሰማሁም ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም። ግን እጄ ላይ ሪፖርቱ ነበር፣ በአእምሮዬም መድረኩ። «የመብራቱ ማብሪያ ላልቶ ይሆናል፤ ሞጣ ስንደርስ እናሳየዋለን» አልኩ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የሾፌርነት ጆሮ ቁም እያለ፣ እሳቸው የእኔን ወረቀት አምነው ነዱ።

ሞተሩ አንድ ከባድ ድምፅ አሰማና ቆመ። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው በጨርቅ ጠርገው መልሰው ከተው መዘዙት፤ ደረቅ ነበር። ተንበርክከው ከሥር አዩ፣ የዘይቱ መያዣ ተሰንጥቋል። ተነሥተው ጉልበታቸውን እያራገፉ፣ ምንም ሳይቆጡ ጠየቁኝ።

«መጽሐፉ አለ?»

ከጋቢናው ኪስ አወጣሁት።

«ኩራዟ ያለችበትን አንብብልኝ። በአማርኛ።»

ገጹን አገኘሁት። መዝገበ ቃላት የሚያስፈልገው አልነበረም፤ የፈራሁት ክፍል እንዲህ ቀላል መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት። «የሞተር ዘይት ግፊት። ይህ ከበራ መኪናውን አቁመው ሞተሩን ወዲያውኑ ያጥፉ።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። ከዚያ በኋላ አንድ የጭነት መኪና በገመድ እየጎተተ ሞጣ አስገባን። እኔ ስለ እሳቸው አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለዚያ ወረቀት ነው። በእኔ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ፣ በቀይ የተሳለ፣ ማንም ቢያየው የማን ጥፋት እንደሆነ የሚለይበት ወረቀት። በማግሥቱ መኪናዋ ያደረችበት ጋራዥ ገና ሳይከፈት ወረቀቱን ላነሣው ሄድኩ። መካኒኩ መጥቶ በሩን ሲከፍትልኝ ወረቀቱ ቀድሞኝ ተነሥቷል። የቀረው የፕላስተሩ ዱካ ብቻ ነበር። መካኒኩ ሞተሩ ነክሷል፣ ብረት ከብረት ተጣብቋል አለኝ፤ እኔ የማየው ያንን ዱካ ነበር።

ቢቸና ስንመለስ ጉዳዩን የሚያጣሩ ሦስት ሰዎች ተቀመጡ። ወረቀቱ በእሳቸው እጅ እንዳለ ገምቼ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ ለእኔ መጣ።

«የምልክቶቹን ትርጉም ለሾፌሩ አስረድተሃል?»

«አስረድቻለሁ» አልኩ። «በጽሑፍም ሰጥቻለሁ።»

ውሸት አልነበረም። አስረድቻለሁ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ የሚያስጠላኝ ያ እውነት ነው።

«ጽሑፉ የት አለ?»

ሁሉም ወደ ሾፌሩ ዞሩ። እሳቸው እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

«ጠፋ» አሉ በመጨረሻ። «ልጁ አስረድቶኛል፤ እውነቱን ነው። የሚጠየቅ መሪ የያዘ ነው።»

ጸሐፊው ጥፋቱን አምነዋል ብሎ መዘገበ። ሰዎቹ የሰሙት የመኪናውን መሪ ነው። እኔ ግን ሌላውን ሰማሁ፦ ዓይን እንደሌለው ሰው እኔን መሪ አድርገው የያዙት እሳቸው ናቸው፣ ስለዚህ የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸው። ገብቶኝ ዝም አልኩ። ባይገባኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ጡረታቸው ሳይደርስ ተሰናበቱ። ቢቸናን ለቀው ሞጣ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ ሲባል ሰማሁ። እኔ አደግኩ፣ ተዛወርኩ፣ እንደገና አደግኩ። መንገዱ አስፋልት ሆነ። ሥራዬ ብዙ ጊዜ ሞጣ ያመላልሰኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም። ወረቀቱን የደበቁት ለወጣትነቴ አዝነው ነው፣ ይቅር ብለውኛል እያልኩ ራሴን አሞኘሁ። በዚህ ሐሳብ ዓመታት ኖርኩ።

ልጆቹ «መቆም! ሞተር ማጥፋት!» ብለው በጮኹበት ቀን ግን ከማሠልጠኛው ወጥቼ እያጠያየቅኩ ሄድኩ። አማቻቸው ጎሚስታ አለው። በሩ ላይ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ።

«መጽሐፉ ነው የመጣ!» አሉ።

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ ግማሹ ጠፋኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን ደብቀው አዳኑኝ፣ እኔ ግን…»

«ማን ነው አንተን ያዳነ?»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ወረቀቷ ብትኖር ወረቀቷ ትናገር ነበር። አንተ እንድትናገር ነው ያነሣኋት። አፍ አፍህን ሳይ ነው የዋልኩ።»

እጃቸውን ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰደዱ። በላስቲክ የተጠቀለለ የመንጃ ፈቃድ አወጡ፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጀርባ ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። ማስመሪያው ያሰመረው መስመር ገና ቀጥ እንዳለ ነው። ቀዩ ቀለም ወደ ቡና ዓይነት ተለውጧል።

«ለእኔ አይታየኝም። አንብብልኝ።»

«ጋሼ…»

«አንብብ።»

«ኩራዝ፦ መብራቱ በርቷል።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። የአማቻቸው ሠራተኛ ጎማ መፍታቱን ትቶ ያየኛል። ወረቀቱን ቀስ ብዬ አጠፍኩና ኪሴ ልከተው ስል፣ ያ የደከመ ዓይን አየኝ መሰል፣ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ወዲህ በላት» አሉ። «የዚያ ሁሉ ዘመን የሥራ ማስረጃዬ እሷው ብቻ ናት።»

ሰጠኋቸው።