አክስቴና አዲሱ መናኸሪያ

ወልድያ ውስጥ በከተማ ፕላን ሥራ ስቀጠር፣ ስለ ሥራዬ አጥብቀው የሚጠይቁኝ የአባቴ እህት ነበሩ። የሚኖሩት ግራና ነው። መርሳ ላይ መኪና ቀይረው ወልድያ የተዳረችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ እኔም ቤት ጎራ ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ገና ሳይቀመጡ፣ "አንተ ልጅ፣ መናኸሪያው ከከተማ ሊወጣ፣ ትኬቱም በስልክ ብቻ ሊሆን ነው አሉ። እውነት ነው?" አሉኝ።

"መናኸሪያው ሰፊ ቦታ ይዛወራል። በስልክ መክፈልም ይጀመራል።"

"ከዚያስ? ‹ገበያውም መስጊዱም በየሰፈራችሁ ተሠርቷል፣ ወዴት ነው የምትሄዱት?› ይሉናል። ስልኩን ጥርቅም ያደረጉት እንደሆነ ማን ያሳፍረናል?"

ሳቄ መጣ። አዲሱ ፕላን ሰውን ከሰፈሩ እንዳይወጣ ሊያደርግ ነው የሚለውን ወሬ ከፌስቡክም ከገበያም ሰምቼዋለሁ። ፕላኑ ላይ የራሴም እጅ ስላለበት በልበ ሙሉነት አስረዳኋቸው፤ ገበያና ጤና ጣቢያ ለሰው ይቅረብ ማለት እንዳይደክም ነው እንጂ እንዳይወጣ አይደለም።

አክስቴ አልሳቁም። "በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ሲዘጋ ልጄ እዚህ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስልኩም ባንኩም ጠፋ። ትኑር ትሙት ሳላውቅ፣ መርሳ ድረስ በእግሬ እየመጣሁ ስመለስ ከረምኩ። አላህ አተረፈልኝ። የመንገድ መዘጋትን ለኔ ታስተምረኛለህ?"

አፈርኩ። ያወሩት ሁሉ እውነት ባይሆንም ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አልነበረም። በሳምንቱ በፕላኑ ላይ የነዋሪዎች ውይይት ስለነበር፣ "መጥተው ይናገሩ" አልኳቸው።

"እኔን የግራናዋን ማን ይሰማኛል?"

"የሚሳፈሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

መጡ። ተራቸው ሲደርስ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። "ስልክ ያለው በስልኩ ይክፈል፤ ወላሂ አልቃወምም። የሌለውስ? ኔትወርክ የጠፋ ቀንስ? እጄ ላይ ያለው ብር፣ ብር አይደለም?"

ከመድረኩ አንድ ባልደረባዬ፣ "እናቴ፣ በእጅ ሲከፈል ደላላ ታሪፍ ይጨምርብዎታል" አላቸው።

"ደላላውን ያዙት እንጂ እኔን ለምን ትይዙኛላችሁ?"

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። እኔም ከባለሙያዎቹ ወንበር ተነሥቼ፣ በጥሬ ብር የሚሸጥ መስኮት ይኑር አልኩ። ብዙ ካከራከረ በኋላ ሐሳቡ ፕላኑ ውስጥ ገባ።

መናኸሪያው ሥራ በጀመረ ሰሞን አክስቴን ሸኘኋቸው። ስልክ የያዙት እየከፈሉ ያልፋሉ፤ እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው ትኬታቸውን ቆረጡ።

"አሁንስ አመኑኝ?" አልኳቸው።

"አንተን አምኛለሁ። መስኮቱን ግን እየመጣሁ አየዋለሁ" አሉና ወደ ደሴው መኪና አመሩ።

"መርሳ አይወርዱም እንዴ?"

"ዛሬ መርሳን አልፌ ውርጌሳ ነኝ። አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ እሷ ዘንድ አድራለሁ።"

"ምነው፣ በደህና?"

"ናፍቃኝ ነዋ! ለመሄድ ደግሞ ምክንያት ልቁጠርልህ?" አሉና ጋቢና ገብተው ተቀመጡ።