ሐዲዱ አጠገብ የማይነፋ ፊሽካ

እኔ አምስተኛ፣ እኅቴ አልማዝ ሰባተኛ ክፍል በነበርንበት ዓመት፣ ከጥምቀት በኋላ በዋለው የመጀመሪያ ሰኞ፣ አልማዝ ከትምህርት ቤት ቀረች። የቀረችው ሰንፋ አይደለም፤ ከክፍሏ ሁለተኛ ነበረች። የቀረችው የሌላ ሰው ውሻ ስለ ነከሳት ነው። በዚህ ቅደም ተከተል የምጽፈው፣ አቃቂ ውስጥ ይህ ነገር ሲነሣ ወሬው ሁልጊዜ የሚጀመረው ከውሻው ሳይሆን ከአልማዝ ስለሆነ ነው።

አባታችን የሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ቤታችንም ከሐዲዱ ብዙ አይርቅም። ማታ ሲገባ ልብሱ ግራሶና ፀሐይ ያጋለው ብረት ይሸታል። ትምህርት ሊከፈት ሲል እኔንና አልማዝን ፊቱ አስቀምጦ በዓመቱ ውስጥ ምን ይዘን እንደምንሄድ ይመርጥልን ነበር። “ዕቃ በፍርሃት አይመረጥም፤ በውሎ ነው የሚመረጠው” ይላል። መጀመሪያ ውሏችንን ያስተርከናል፦ ስንት ሰዓት እንደምንወጣ፣ በየት እንደምንሻገር፣ ከማን ጋር እንደምንሄድ፣ እጃችን ባዶ ይሁን አይሁን። ከዚያ ይወስናል።

እኔ የጠዋት ፈረቃ ነበርኩ፤ የምሄደው የጭነት መኪና በማይጠፋበት አስፋልት ዳር፣ ጉም ሳይገፈፍ ነው። ስለዚህ ሾፌሮች እንዲያዩኝ ነጭ ሹራብ ደረሰኝ፤ ከዚህም ጋር ፊቴን ወደሚመጣው መኪና አዙሬ እንድሄድ ታዘዝኩ። እንደ አልማዝ ጃንጥላ ይሰጠኝ ብዬ ሳኮርፍ፣ “አንቺን ውሻ አያውቅሽም፤ አንቺን የሚያውቅሽ ካሚዮን ነው” ብሎ አሳቀብኝ።

አልማዝ የከሰዓት ፈረቃ ነበረች። ስትመለስ ይመሻል፤ መንገዷ በአንድ የእህል መጋዘንና በሐዲዱ መካከል የሚያልፍ ቀጭን ዱካ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ሠራተኞቹ እንደ ወጡ ውሾቹን ይፈታል። ለእርሷ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ተመረጠላት፤ ድንገት ፊቱ ላይ ሲዘረጋበት ውሻ ያፈገፍጋል። አባባ ከአሮጌ ሸራ እስከ ጉልበቷ የሚደርስ የእግር መጠቅለያ ሰፋላት። በመጨረሻ ከሥራ ፊሽካዎቹ አንዱን በገመድ አንገቷ ላይ አሰረላት። የሰፈሩ ልጆች “ዘበኛዋ፣ መጋዘኑን ለማን ትተሽ መጣሽ?” እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እርሷም ጃንጥላውን አፍንጫቸው ሥር ዘርግታ ታባርራቸዋለች።

ፊሽካው ሕግ ነበረው። ሐዲድ ላይ ፊሽካ ከተነፋ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ባቡር መጣ፣ ውረዱ። “ሐዲዱ አጠገብ እንዳትነፊው” አላት። “ሰዎቼ አንድ ቀን በውሸት ከወረዱ፣ በእውነቱ ቀን አይወርዱም።” ካደግሁ በኋላ ይህን ምክንያት ብዙ ጊዜ መርምሬዋለሁ፤ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ የአልማዝ መንገድ ከሐዲዱ ጎን የሚለይበት ቦታ አልነበረውም። ውሎዋን ቃል በቃል ያስተረካት አባታችን ይህን አላስተዋለም። ውሾቹን እሰር ብሎ ወደ ባለቤቱ የሄደም አልነበረም። ሰውየው ለቅሶ ሲኖር መኪናውን ለቀብር የሚሰጥ፣ ሽማግሌ ሲያይ ባርኔጣውን የሚያነሣ ሰው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ውሻህን እሰር አይሉትም፤ ልጅን ያስታጥቃሉ።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ሳምንት፣ አንድ ቀን ሲመሽ፣ ነፋስ ጃንጥላውን ገለበጠባት። ከውሾቹ አንዱ የነከሳት ሸራው ከሚያበቃበት ከፍ ብሎ፣ ከጉልበቷ በላይ ነው። የጥገና ሠራተኞቹ ጥሪ በሚሰማበት ርቀት ላይ መሣሪያቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ፊሽካው አፏ ውስጥ ነበር። መንገደኞች አስጥለው ቤት ሲያመጧት እናታችን ለምን እንዳልነፋችው ጠየቀቻት።

“ሐዲዱ አጠገብ ነበርኩ” አለች አልማዝ።

የእብድ ውሻ መርፌ ተጀመረላት። ከጥምቀት በኋላ በነበረው እሑድ የመጋዘኑ ባለቤት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ፤ አንዱ ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ነበሩ። እኔና እናቴ በሣንቃ ከሳሎኑ በተለየው ማድ ቤት ውስጥ ነበርን። ጋሽ ወልዴ ንግግሩን ከፈቱ፤ ውሻ እንስሳ ነው፣ ምን ያውቃል፣ ባለቤቱ ግን እንደ ሰው ደጃችሁ ድረስ መጥቷል አሉ። አባቴ ያስታጠቃትን ዕቃ ሁሉ ከነምክንያቱ አንድ በአንድ አስረዳ። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረ ማለት አልችልም፤ አልነበረም ማለትም አልችልም። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ “ይህን ሁሉ ይዛ ካልነፋች ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?” ብለው ጠየቁ። ስለ ሰንሰለት የተናገረ የለም።

ከዚያ የምሽቱ የጭነት ባቡር አለፈ፤ ሣንቃው ተንቀጠቀጠ። የባቡሩ ድምፅ ገና ሳያልቅ ከሳሎኑ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እንግዲህ ልጅቱ እቤት ትቀመጥ” አለ። ቃሉ ደረሰን፤ የማን እንደሆነ አልደረሰንም። ሌሎቹ ተስማሙ፤ ተመራርቀው ተለያዩ። ሳህን ስታጥብ የነበረችው እናቴ እጇን ገታ አደረገች፤ ከዚያ ማጠቧን ቀጠለች። በማግሥቱ ነጩን ሹራቤን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አልማዝ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ ቁስሉ ዳነ፣ ትምህርቱ ግን እንደ ተቋረጠ ቀረ። እኔ እስከ ዶክትሬት ተማርኩ።

ዛሬ አሮጌው ሐዲድ ሥራ ፈትቷል፤ የከተማው ቀላል ባቡርም አቃቂ ሳይደርስ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። በቅርቡ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ለምትሠራው የአልማዝ ልጅ ዕቃ ልንገዛ ሦስታችን አብረን ወጣን። ሱቁ ውስጥ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ፣ ከቁልፍ ጋር የሚንጠለጠል መብራት፣ በየቀለሙ ፊሽካ ሞልቷል። አልማዝ ዋጋ ሳትጠይቅ ልጇን ውሎዋን አስተረከቻት፤ ሰርቪሱ የት እንደሚያወርዳት፣ ከዚያ በየት እንደምትሄድ። ያኔ ዕቃው ጥቂት ነበር፤ አሁን ምርጫው ብዙ ነው። ያኔም አሁንም የሚታጠቀው መንገደኛው ነው፤ የሚያስፈራው አይታሰርም። ያኔ “እቤት ትቀመጥ” ያለውን ሰው ማወቅ ትፈልግ እንደሆነ አልማዝን ጠየቅኋት። ሰደርያውን ልጇ ትከሻ ላይ እየለካች ነበር።

“ካወቅሽ ለእኔ አትንገሪኝ” አለችኝ።

እኔ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ጋሽ ወልዴ፣ በዚያ ሳሎን ከተቀመጣችሁት በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። አምና አሁን የሚኖሩበት ሳሪስ አቦ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎ፣ “ልጄ፣ ሙት አይወቀስም” ብለው ሸኙኝ። ይህ መልስ አይደለም። ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አልመጣሁም፤ እርስዎም ብለውት ቢሆን፣ የውሻው ባለቤትም ብሎት ቢሆን፣ እችለዋለሁ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ልጅቱ እቤት ትቀመጥ” ያለው አባቴ ነው? ነው ወይም አይደለም ይበሉኝ።