ለሙሽሮቹ የላክነው ኢሜይል

ጦርነቱ ወደ ወልድያ ሲቃረብ እኔና እህቴ ከልብስ ስፌት ቤታችን ያሸሸነው ማሽኖቹን አልነበረም፤ የሙሽሮቹን ቀሚሶች ነበር። በላስቲክ ጠቅልለን ከመርሳ ወጣ ብለው ከሚኖሩት አጎታችን ዘንድ ወሰድናቸው። እሳቸውም ጎተራ ውስጥ ከትተው ከላይ ማሽላ ሞሉበት።

ከወራት በኋላ ከተማዋ ተረጋግታ ኔትወርክ ሲመለስ ቀሚሶቹ እንደነበሩ ወጡ። የጠፉት ባለቤቶቹ ነበሩ። ብንደውል ስልካቸው አይሠራም፤ ገሚሱ ስልኩን ተነጥቆ፣ ገሚሱ ሲም ካርድ ቀይሮ ይሆናል። ማን በሕይወት እንዳለ እንኳ አናውቅም።

«ኢሜይላቸው አለን እኮ!» አለች እህቴ ድንገት።

እውነቷን ነው። የወደዱትን ዲዛይን ፎቶ የሚልኩልን በኢሜይል ነበር። እሷ ኮምፒውተር የተማረች ናትና፣ ለሁሉም በአንዴ የሚልክ፣ እያንዳንዷን በስሟ እየጠራ ሰላም የሚል የኢንተርኔት አገልግሎት እንምረጥ አለች።

«ለየብቻ ብንጽፍላቸውስ?» አልኳት።

«ከአሁን በኋላም ለየበዓሉ፣ ለየሠርግ ወቅቱ እንጽፍበታለን። ሥራ መጀመራችን አይደል?»

ሥራ መጀመር የሚለው ቃል ራሱ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያው አገልግሎት ሥዕሉ ያማረ ነበር፤ አማርኛውን ግን ባዶ ሣጥን በሣጥን አደረገው። ሁለተኛው ገና ሳንጀምር የውጭ አገር የባንክ ካርድ ጠየቀን። ሦስተኛው ብዙም አያምርም፤ ግን ፊደላችን ቁልጭ ብሎ ይነበባል፣ በዚያ ደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። ለሙሽራ የሚሆን ሰላምታ ጽፈን ለሙከራ ለራሷ ለእህቴ ላክን። አጎታችን የቀሩትን ቀሚሶች ይዘው መጥተው አጠገባችን ተቀምጠዋል። ስልኳ ጮኸ፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስሟን ጠርታ አነበበች፦ «ውድ ሙሽራችን፣ እንኳን ደስ አለሽ!»

«እንዴ! እኔ ሳልሰማ ማን አጨሽ?» አሉ አጎታችን ደንግጠው። ሳቃችን መንገድ ድረስ ተሰማ።

በዚያው ሦስተኛውን መረጥን። ከአገልግሎቱ ጋር አብሮ የመጣውን «ልዩ ቅናሽ እንዳያመልጥዎ» የሚል ጽሑፍ አጥፍቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ቀሚስሽ በደህና አለ። አንቺስ ደህና ነሽ? ጻፊልን።»

ለሁሉም በላክን በማግስቱ ሱቅ ስንከፍት መልሱ ይጎርፍ ጀመር። ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ። አንዷ «እልልልል» ብቻ ብላ ልካለች። እኔ እያነበብኩ አለቅሳለሁ፣ እህቴ ትስቅብኛለች።

ከሁሉ ቀድማ የመጣችው ሠርጓ ሊደርስ ሲል ጦርነቱ ያቋረጠባት የውርጌሳ ልጅ ናት። ቀሚሱ የተቃጠለ መስሏት ኖሯል። ስትለብሰው ሰፋት።

«በጣም ከስቻለሁ አይደል?» አለች መስተዋቱን እያየች።

«ቀሚሱ ነው የወፈረው፤ ጎተራ ውስጥ ከርሞ» አልኳት። እየሳቀች አቀፈችኝ። እዚያው እንደቆመች አጠበብኩላት።

ሠርጉ ውርጌሳ ተደገሰ፤ አጎታችንም ተጠሩ። ሙሽራዋ ስትገባ ቀሚሱን አይተው «እኔ ጎተራ ያሳደርኩት ቀሚስ ነው!» እያሉ እስክስታ ወረዱ። ከመሐል የሚያስወጣቸው ጠፋ።