ስህተት ሰሌዳ ላይ አይውልም

የኔንና የባልደረባዬን ክፍል የሚለየው ስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ነው። እኔ ቋንቋ አስተምራለሁ፣ እሷ ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች፤ ስለዚህ ወደድኩም ጠላሁም ሒሳብ ስማር ኖሬአለሁ። ተማሪዎቿ በሌለችበት “ቆይ እስቲ” ይሏታል። ልጅ ሰሌዳ ላይ ተሳስቶ ሲጽፍ አትቆጣም፣ የጻፈውን አታጠፋም። “ቆይ እስቲ” ትልና አንድ ነገር ጠይቃው፣ ራሱ እስኪደርስበት ትጠብቃለች። አንዳንዴ ደወል ይደወልና ስህተቱ እዚያው ሰሌዳው ላይ ያድራል። ጠዋት ልጁ እየሮጠ መጥቶ ያርመዋል። እንደዚያ የገባው ነገር ከጭንቅላቱ አይወጣም።

ዘንድሮ ሱፐርቫይዘር ተመደበልን። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ምላሱ ማር የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ገና ሳየው ይደብረኛል፣ ምን ልደብቅ። “ከኋላ እቀመጣለሁ፤ እንደሌለሁ ቁጠሩኝ” ብሎ እሷ ክፍል ገባ።

ያን ቀን አንዲት ልጅ ግማሽና ሲሶን ደምራ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች።

“ቆይ እስቲ” አለች መምህርቷ። “ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?”

ክፍሉ ዝም አለ። ልጆች ሲያስቡ ዝምታቸው ያስታውቃል። ልጅቷ “ያንሳል... እንዴ?” ማለት ስትጀምር ከኋላ ወንበር ተንቋቋ።

“ይቅርታ መምህርት” አለ ሱፐርቫይዘሩ፤ ዳስተሩ ሰሌዳውን ሲፈገፍግ ሰማሁ። “ልጆች፣ መልሱ አምስት ስድስተኛ ነው። መምህርታችሁ አላዩትም መሰለኝ። ስህተት ሰሌዳ ላይ አይውልም፣ እሺ?”

“እሺ!” አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

በሳምንቱም መጣ፣ ከዚያ በኋላም መጣ፤ በመጣ ቁጥር ሰሌዳውን አጠፋ። ውሎ አድሮ ልጆቹ መልስ ሲሰጡ ዓይናቸው እሷን አልፎ ወደ ኋላ ወንበር ይሄድ ጀመር። አንዱማ “ቲቸር፣ እሳቸው ትክክል ነው ሳይሉ ደብተራችን ላይ እንጻፈው?” ብሎ ጠየቃት።

“ልጆቹ ካላመኑኝ ምን ይዤ ነው የማስተምረው?” አለችኝ በእረፍት ሰዓት።

“ለኔ ተይልኝ፣ ልኩን ነው የምነግረው!” አልኳት።

“ተው ወንድሜ። ባሌም ሰምቶ ጎሚስታ ቤቱን ዘግቶ ሊመጣ ነበር። በሁለታችሁ ጠብ ሥራዬን ልጣ?” ሳቅ ለማለት ሞከረች። “ራሴ በደንብ ባናግረው ይሻላል።”

ቢሮው ሄደች። ስህተት ካዩ ለብቻዬ ይንገሩኝ፣ ልጆቹ ፊት ግን አይሁን ብላ ለመነችው። ብድግ ብሎ ተቀበላት፣ ወንበር ሳበላት፣ “ምን ገዶኝ እህቴ! ለእርስዎው ብዬ እኮ ነው” አላት። ፊቷ በርቶ ወጣች። እኔም ሰውዬውን ያለ ስሙ ስም ሰጠሁት እንዴ ብዬ ትንሽ አፈርኩ።

ማፈሬ በማግስቱ ለቀቀኝ። ክፍሏ ገብቶ እንዲህ አለ፦ “ልጆች፣ መምህርታችሁ እናንተ ፊት እንዳላርማቸው ለምነውኛል። ሰው ናቸውና ይከፋቸዋል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ስህተት ባይም ዝም እላለሁ። እናንተው ተጠንቀቁላቸው።”

እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ እሷን አስቧት። ለርዕሰ መምህሩ አመለከተች። “ዝም እላለሁ ካለሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?” አላት። እውነት ነው፣ ምን ይባላል? ሰውዬው አልሰደባትም፣ አልጮኸባትም። ክስ የሚሆን አንድ ቃል እንኳ የለውም። እኔም መላ አላገኘሁላትም።

ልጆቹ ታዲያ እውነትም ተጠነቀቁላት። ይወዷታልና። ጎበዞቹ ሰሌዳ ለሚወጣው ያንሾካሹኩለታል፤ ያልገባው እጁን አያወጣም። “ያልገባው አለ?” ስትል “ሁላችንም ገብቶናል ቲቸር!” ይሏታል፣ እንዳልገባቸው እያወቀች። ሰሌዳው ላይ ስህተት ጠፋ። ሱፐርቫይዘሩ ስብሰባ ላይ “ትልቅ ለውጥ አይተናል” ብሎ አስጨበጨበላት። እሷ አንገቷን ደፍታ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

ባለፈው ሰሞን ሰውዬው ለሥራ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር። ይህን ጊዜ ነው ብላ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ወደ ሰሌዳ ጠራች። ልጅቷ ወጥታ ቆመች እንጂ አልጻፈችም።

“ጻፊ የኔ ልጅ” አለቻት። “ብትሳሳቺም ምንም አይደል። አብረን እናየዋለን።”

“አይ ቲቸር። ከተሳሳትኩ እርስዎን ነው የሚናገሩዎት።”

“ዛሬ እኮ የሉም።”

“ቢሆንም” አለች ልጅቷ፣ ጠመኔውን መለሰችላትና ቦታዋ ሄዳ ተቀመጠች።