ከፊልሙ የተቆረጠው ስንዝር

የታናሽ እህቴ እጆች በጨለማው ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ናቸው። አላያቸውም፤ እሰማቸዋለሁ። የካሜራውን ጀርባ ከፈቱ፣ ፊልሙን መዘዙ፣ መቀስ አነሡ።

«እንደ ሌባ በጨለማ አስገባሽኝ» አልኳት።

«ሌባስ የሚሰርቀው አለው፣ እትዬ።»

አርባ ዓመት ፎቶ ቤት ውስጥ የሰው ፊልም ስታጥብ ኖራለች። ጥፍሮቿ ከፊልም ማጠቢያው መድኃኒት የተነሣ ቡናማ ሆነው ቀርተዋል። የሰዉን ሙሽራ ሁሉ ከዘመድ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ እያለች ትቀልድ ነበር። አንድያ ልጇ ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በሳንባ ሕመም ስትሞትባት፣ ካደገች ወዲህ የተነሣችው ፎቶ አልነበራትም። ልጅቷ ማንሣት እንጂ መነሣት አትወድም ነበር። አንዴ ብቻ እናቷ ካሜራውን ነጥቃ መስኮት ሥር አነሣቻት። የፊልሙ መጨረሻ እሱ ነበር። የካሜራው መጠቅለያ ተሰብሮ ስለነበር ፊልሙ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሳይመለስ ካሜራው ውስጥ ቀረ። እህቴም አበላሸዋለሁ ብላ ፈርታ ዐሥራ አንድ ዓመት አልነካችውም። ዘንድሮ ግን የልጄ መልክ እየጠፋብኝ ነው አለችኝ።

የቆየ ፊልም ስንት ደቂቃ መታጠብ እንዳለበት አይታወቅም። ስለዚህ ከጫፉ ስንዝር ያህል ቆርጠው ይሞክራሉ፤ ያንን አይተው ለቀሪው ይወስናሉ። ቁራጩን እንደ ወትሮው ስምንት ደቂቃ አጠበችው። መብራት ስታበራ ወደ አምፖሉ አንሥታ አየችው፤ ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እኔም አየሁ። መስኮት አለ፣ ነጭ ኮሌታ አለ። ከኮሌታው በላይ ምንም የለም።

«እትዬ፣ ከየትኛው ጫፍ ነው የቆረጥኩት?»

ደንበኞች የሚያመጡት ፊልም ተጠቅልሎ የተመለሰ ነው፤ መጀመሪያ እጅ ላይ የሚገባው የፊተኛው ጫፍ ነው። ይሄኛው ግን ስላልተመለሰ መጀመሪያ እጅ ላይ የሚገባው የኋለኛው ጫፍ ነው። እጇ በለመደው ሄዶ ልጅቷ ያለችበትን የመጨረሻውን ቆረጠ።

ፊቷ ያልወጣው ስምንት ደቂቃ አንሶት ነበርና ቀሪውን ዐሥራ ሦስት ደቂቃ ሰጠችው። ጥርት ብሎ ወጣ፦ ድመት፣ የሰው ጫማ፣ እህቴ ራሷ ልብስ ስታሰጣ። ቁራጩን ሳምንት ሙሉ በወረቀት ላይ ለማውጣት ታገለች። ከኮሌታው ሌላ የወጣ የለም። መልኳ በልብሽ አለ ብዬ ላጽናናት ሞከርኩ።

«ቢኖር ኖሮ ፊልሙን መች እነካው ነበር?» አለችኝ።



እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እባካችሁ የድሮ አልበሞቻችሁን አውጡ። ከሰው ኋላ፣ ከፎቶው ጠርዝ፣ ረዘም ያለች፣ ካሜራ ያንጠለጠለች፣ አገጯ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ ቆማ እንደሆነ እዩልን። ብትደበዝዝም ግድ የለም። እህቴ ቅጂ ታነሣለች፤ ፎቷችሁን በእጄ እመልስላችኋለሁ።