ስልክ ያልሆነው ቁጥር

ጅጅጋ፣ ከማስተምርበት ክፍል በር ላይ የጸጥታ ሰዎች ሲይዙኝ እጄ ገና ጠመኔ ነበረበት። ኪሴን ፈትሸው ብጣሽ ወረቀት አገኙ። ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት ቁጥር ተጽፎባታል፦ 252025202520።

"ይህ የማን ስልክ ነው?" አለ መርማሪው።

በዚያ ከተማ በ252 የሚጀምር ረጅም ቁጥር ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበው የድንበር ማዶን ስልክ ነው። እኔ ከመሃል አገር የተመደብኩ የሂሳብ አስተማሪ፣ ይህ ጭራሽ አልመጣልኝም።

"ቁጥር ነው" አልኩ።

"የማን?"

"የማንም።"

በጥፊ አጮለኝ። "የማን ስልክ እንደሆነ ጽፈህ ፈርም፤ ነገውኑ ቤትህ ትገባለህ። እደርበት።"

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ነች፤ የቆርቆሮ ጣሪያዋ በቀን ይፋጃል። አብሮኝ ያለው ከቶጎጫሌ ጨርቅ የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ "ማዓሊም" ብሎ ይጠራኛል፤ መምህር ማለቱ ነው። የሆነውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"ወላሂ ማዓሊም፣ ስልክ ነው ካልክ ባለቤት ይፈልጉለታል። ያ ሰውዬ ነገ እዚህ አጠገቤ ይተኛል።"

ፈራሁ። ቤቴም ናፍቆኛል።

"ለመሆኑ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ከአንድ እስከ አስር ላሉት ቁጥሮች በሙሉ ያለ ቀሪ ይካፈላል።"

"አትቀልድ!"

በጠርሙስ ቆርኪ ሲሚንቶው ላይ ጫረው። ለስምንት ሞከረ፤ ሄደለት። ለዘጠኝም ሄደለት። ለሰባት ሲያካፍል ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሳ።

"2520ን ሦስት ጊዜ ደርድረህ ነው! አንተ ሌባ!"

ሳቄ መጣ፤ የጉንጬን ህመም ረሳሁት። "እስቲ ለአስራ አንድ" አልኩት። ላቡን እየጠረገ አካፈለ። ሦስት ተረፈው።

"እኛን ትተው ይህን አስራ አንድ ቢያስሩት ይሻላል" አለ።

በማግስቱ መርማሪው ወረቀቱን ገፋልኝ። "የ" ይልና ባዶ ቦታ አለው፤ ቀጥሎ "ስልክ" የሚል ቃል ተጽፏል።

"ጌታዬ፣ ለሰባት ያካፍሉት" አልኩ።

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካልኩሌተር ሳበ። 36003600360። ለስምንት ነካው፤ ለዘጠኝ ነካው። ቅንድቡ ከፍ አለ፤ እኔም እስረኛ መሆኔን ረሳሁ።

"ለአስርማ ዜሮውን መቁረጥ ነው! አስራ አንድ ላይ ግን እምቢ ይላል!"

"ዝም በል!" አለ። ጣቱ ግን አስራ አንድን ነክቶ ነበር። ነጥብ ከነትርፍራፊው መጣ። ትንሽ አየውና ካልኩሌተሩን ደፋው። "ፈርም።"

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከ"የ" እስከ "ስልክ" ያለውን ሰረዝኩ፤ "ቁጥር" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አራት ወር እስር ተጨመረብኝ። ለዚያ ባዶ ቦታ ግን ማንም አልታሰረም።

ዛሬም ዓመቱን የምጀምረው ያንኑ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነው። ዘንድሮ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ የማን ስልክ ነው?"

"ለሰባት አካፍዪው" አልኳት።